ጋኑ ከመመረጉ በፊት

እናቴ ጠላ ስትጠምቅ የጋኑን አፍ የምትመርገው ራሷ ናት። ሌላው ሥራ ለሁላችንም ክፍት ነበር፤ ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማስፈጨት፣ አሻሮ መቁላት፣ ጋኑን በግራዋ ፈትጎ አጥቦ በወይራ ጭስ ማጠን። ምርጊቱ ግን የሷ ብቻ ነው። ጥንስሱ ከተጠነሰሰበት ቀን ጀምሮ፣ ቂጣው ተቆራርሶ ገብቶ ድፍድፉ ከተደፈደፈ በኋላም ለጥቂት ቀን ጋኑ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ብቻ ተሸፍኖ ይቆያል። እሷም ጠዋት ጠዋት በረጅም እንጨት ታማስለዋለች። አረፋው ሞልቶ ይነሳል፣ መልሶ ይወርዳል፤ የጌሾው ሽታ ከጓዳ ወጥቶ በረት ድረስ ይደርሳል። «አሁንስ አይመረግም?» ስንላት «ቆዩ፣ ገና አልተነፈሰም» ትለናለች።

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ጮቄ ተራራ በሰሜን ምዕራብ በኩል ይታያል። 12 ዓመት ሲሆነኝ ለኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። እናቴ ድፍድፉን በደፈደፈች ማግሥት ማዶ ሰፈር ዘመድ ሞቶ ለቅሶ ሄደች፤ እዚያው ሁለት ቀን ቆየች። እኔም ሥራ ላቀልላት ብዬ ጭቃና እበት ለውሼ የጋኑን አፍ መረግሁት። አያቴ ስታደርግ እንዳየሁት በመዳፌ አለሳለስሁት፤ ሥራዬም አምሮብኝ ነበር።

እናቴ ተመልሳ ስታየው አልተቆጣችኝም። ምርጊቱን በጣቷ ነካ አድርጋ «ትንፋሹን ዘጋሽበት» ብቻ አለች። በማኅበሩ ቀን ጠላው ሲቀዳ ጣፋጭነቱ ያልለቀቀው፣ ልል፣ ገና በመንገድ ላይ ያለ ነገር ሆነ። ማኅበርተኛው ቀምሶ ዝም አለ። ጎጃም ውስጥ ጠላ ቀምሶ ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የዚያን ቀን የእናቴን ፊት ዛሬም አልረሳሁትም። የኅዳር ውርጭም አግዞኝ ይሆናል፤ ብርድ እርሾን ያሰንፋልና። ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያኔም አውቀዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ይህን «ለምን» ለማወቅ 17 ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ ሥራዬ ባዮኬሚስትሪ ነው፤ የማጠናውም የእርሾን ቅባቶች ነው፤ በተለይም ህዋሷን ከውጪው ዓለም የሚለየውን ስስ ሽፋን።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ቋንቋ እርሾ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ከሊጥ ላይ የሚቀዳውን፣ ለሚቀጥለው ቡኮ የሚተርፈውን ቢጫ ውሃ ነው። እኔ እርሾ የምለው በዚያ ውሃ ውስጥም፣ በጠላና በጠጅ ውስጥም የምትኖረውን በዓይን የማትታይ ፍጡር ነው። የእንጀራዋና የጠላዋ ዝርያቸው ይለያያል። ጠላና ጠጅ ውስጥ ዋናዋ ሠራተኛ ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ የምትባለው ናት፤ በዓለም ላይ ዳቦና ቢራ የሚሠራባትም እሷው ናት። ሳይንሱም ከእርሾ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ኤንዛይም የሚለው ቃል ራሱ በግሪክኛ «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው፤ ቃሉን ያወጣው ጀርመናዊው ቪልሄልም ኩነ በ1877 እ.ኤ.አ. ነው። ሕይወት ያላቸው ነገሮች ኬሚስትሪያቸውን እንዴት እንደሚሠሩ የሰው ልጅ መጠየቅ የጀመረው ከመጥመቂያው ማሰሮ አጠገብ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለትምህርት ውጭ አገር ሄጄ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። እርሾን ኦክስጅን ፈጽሞ በሌለበት ሳጥን ውስጥ ማሳደግ። መጽሐፉ ሁሉ የሚለው እርሾ ያለ አየር መኖር ትችላለች ነው፤ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀይራ ጉልበት ታገኛለች። እኔም ስኳሩን ሰጠኋት፣ ናይትሮጅኑን ሰጠኋት፣ ቫይታሚኑን ሰጠኋት። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ በዛች። ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ ወስጄ ወደ ሁለተኛው ሳዛውር ቀዘቀዘች። ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ቆመች። ስኳሩ እንዳለ አለ። አልሞተችም፤ ግን አትከፈልም፣ አትበዛም። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቼ፣ ጥርት ያለው ውሃ ውስጥ አርፋ ሳያት የታየኝ የማኅበሩ ጠላ ነው። የእናቴ ቃልም ያኔ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ትንፋሹን ዘጋሽበት።

ምን እንደጎደላት ለመንገር ስለ ሽፋኗ ማውራት አለብኝ።

አንዲት የእርሾ ህዋስ ወርዷ 5 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ 200 ያህሉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከውጪ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ጠንካራ ግድግዳ አላት። እኔ የምሠራበት ሽፋን ከዚያ ግድግዳ ሥር ያለው ነው፤ ውፍረቱ 5 ናኖ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የህዋሷን ወርድ አንድ ሺህኛ ማለት ነው። ከቅባት የተሠራ ነው። ሁለት ንብርብር ነው፤ ውሃ የሚወደው የቅባቱ ራስ ወደ ውጪና ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ውሃ የሚሸሸው ጅራት መሃል ላይ ተቃቅፎ ይደበቃል።

ሁለት ንብርብር መሆኑ የታወቀበት መንገድ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1925 እ.ኤ.አ. ሁለት ሆላንዳውያን፣ ኤቨርት ጎርተርና ፍራንስዋ ግሬንደል፣ ከሰው፣ ከውሻ፣ ከበግ፣ ከፍየልና ከሌሎችም እንስሳት የደም ህዋስ ወሰዱ። ቅባቱን በአሴቶን አወጡና ውሃ ላይ ዘረጉት። የተዘረጋው ቅባት የሸፈነው ቦታ ከህዋሶቹ ገጽ እጥፍ ሆነ። እንግዲህ እያንዳንዷ ህዋስ ሁለት ድርብ ለብሳለች ማለት ነው አሉ። ኋላ እንደታየው ቅባቱን ሁሉ አሟጠው አላወጡም ነበር፤ የህዋሱንም ገጽ ከእውነተኛው አሳንሰው ነበር የለኩት። ሁለቱ ስሕተት እርስ በርስ ተጣፋና መልሱ ትክክል ወጣ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ድፍረታቸውን እንዲያዩልኝ ነው፤ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሌለበት ዘመን፣ በአንድ ትሪ ውሃና በትንሽ ቅባት፣ ማንም ያላየውን ነገር ለኩ።

የሽፋኑ ቅባት ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን የምናስረዳበት መሣሪያ ደግሞ ጎጃም ውስጥ በየቤቱ አለ። በኅዳር ማለዳ በቅሉ ውስጥ ያለው ቅቤ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ አጠገቡ በጠርሙስ ያለው የኑግ ዘይት ግን እንደ ልቡ ይፈሳል። ሁለቱም ቅባት ናቸው። ልዩነቱ የጅራታቸው ቅርጽ ነው። ቅቤ ውስጥ የሚበዙት ጅራቶች፣ በሙያው ስማቸው ፋቲ አሲዶች፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የኑጉ ደግሞ፣ በተለይ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ሁለት ቦታ ላይ የታጠፈ ነው። እንጨት ለቅማ ሸክም ያሰረች የገጠር ልጅ ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልጋትም። ቀጥ ቀጥ ያለው እንጨት ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፤ ጠማማው እርስ በርሱ ይገፋፋል፣ በመሃሉ ክፍተት ይኖረዋል፣ ሸክሙም ይላላል።

የእርሾ ሽፋን እንዲህ የላላ መሆን አለበት። ጨርሶ ከጠጠረ በውስጡ የተተከሉት ፕሮቲኖች መንቀሳቀስ፣ ስኳር ማስገባት፣ ቆሻሻ ማስወጣት አይችሉም። ስለዚህ እርሾ ቀጥ ያለ ፋቲ አሲድ ከሠራች በኋላ መሃሉ ላይ የምታጥፍ አንዲት ኤንዛይም አለቻት፤ ኦሌ 1 ትባላለች። ኦሌ 1 አንዱን ለማጠፍ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ትፈጃለች። ሌላ መንገድ የላትም።

ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ይብሳል።

በእነዚያ ጅራቶች መሃል ኤርጎስቴሮል የሚባል ጠፍጣፋና ግትር ሞለኪውል ገብቶ ይቆማል፤ በጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ ማገር እንደሚገባው። ሽፋኑ እንዳይፈስም እንዳይደርቅም የሚይዘው እሱ ነው። አልኮል የህዋስን ሽፋን ያሟሟል፤ እርሾ ራሷ በሠራችው አልኮል ውስጥ እየዋኘች የምትቋቋመው በዚህ ማገር ብርታት ጭምር ነው። በእኛ ገላ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮሌስትሮል ነው። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፣ ቤተሰባቸውም ስቴሮል ይባላል፤ ኮሌስትሮል 27 ካርቦን አለው፣ ኤርጎስቴሮል 28።

እርሾ ኤርጎስቴሮልን የምትሠራው ስኳሊን ከሚባል የ30 ካርቦን ክር ተነስታ ነው። መንገዱ ረጅም ነው። ክሩ ታጥፎ አራት ቀለበት ከመሆኑ በፊት ጫፉ ላይ አንድ ኦክስጅን መቀበል አለበት፤ አንድ። ከዚያ ሦስት ትርፍ የካርቦን ቅንጣቶች ተቀርጸው ይወጣሉ፤ እያንዳንዷን ለማውጣት ሦስት ሦስት ኦክስጅን ይቃጠላል፤ ዘጠኝ። መጨረሻ ላይ ሁለት ድርብ ማያያዣዎች ይበጃሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ፤ ሁለት። ድምሩ 12 ነው። አንዲት የኤርጎስቴሮል ሞለኪውል ለመሥራት 12 የኦክስጅን ሞለኪውል።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ በጣቴ እየቆጠርሁ የደመርሁበት ሌሊት ትዝ ይለኛል። ያለ አየር በመኖሯ የምትታወቀው ፍጡር የራሷን ቆዳ ለመሥራት አየር ትለምናለች። ጉልበቷን ከስኳር ታገኛለች፤ ቤቷን ግን ያለ ትንፋሽ መሥራት አትችልም። ነገሩን ቀድመው ያሳዩት አንድሪያሰንና ስቲየር የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1953 እ.ኤ.አ. አየር የተነፈገች እርሾ ኤርጎስቴሮል ከውጪ ካልተሰጣት እንደማታድግ፣ በዓመቱ ደግሞ የታጠፈ ፋቲ አሲድም እንደምትፈልግ አሳተሙ። የሳጥኔ ውስጥ እርሾ የቆመችው ለዚህ ነው። ሁለቱን በጠብታ ስጨምርላት በማግሥቱ ጠርሙሱ ደፍርሶ አገኘሁት።

ታዲያ የመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ እንዴት በዛች? ስንቅ ነበራት። አየር ያገኘች እርሾ ስቴሮሏ እስከ ደረቅ ክብደቷ 1 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አየሩ ሲዘጋ አዲስ አትሠራም፤ ስትከፈል ያላትን ለእናትና ለልጅ እኩል ታካፍላለች። አንዴ ስትከፈል ግማሽ፣ ሁለቴ ስትከፈል ሩብ፣ ሦስቴ ስትከፈል ስምንተኛ። ወደ 0.1 በመቶ ሲጠጋ መከፈሉ ይቆማል። ሦስት ትውልድ ብቻ ነው።

እናቴን ይህን ያስረዳኋት በርስት ነው። አባቴ ከአባቱ የወረሰው ማሳ ለአራት ወንድማማች ተከፍሎ የደረሰው ነው፤ የእኛ ወንድሞች ሲካፈሉት ደግሞ በሬ የማያዞር ቁራጭ ሆነ። ከዚህ በኋላ የሚካፈል የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆየችና «አዬ የኔ ልጅ፣ እሷም እንደኛው ናት» አለች። በሕይወቴ ሳይንስን ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ፤ እንዲህ ገብቶት ያዘነልኝ ሰው ግን የለም።

ስለ ሽፋኑ ስነግራትም «ቆዳ አላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላት፣ እምዬ። ግን ስስ ናት፤ ከቅባት የተሠራች።»

«እንደ ስልባቦት በይኛ።»

በትምህርት ቤት ብዙ ቃል ተምሬያለሁ፤ ይህን የሚያህል ግን አላገኘሁም። ስልባቦት ወተት ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሲነኩት የሚንቀሳቀስ፣ ሲቀዱት ተመልሶ የሚገጥም ነው። ያው የህዋስ ሽፋንም እንዲሁ ነው፤ ሲበሳ ራሱን መልሶ ይገጥማል፣ በላዩ ያሉት ሞለኪውሎች አንድ ቦታ አይቆሙም። ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 እ.ኤ.አ. ሽፋኑ ፈሳሽ ነው፣ ፕሮቲኖቹ በውስጡ ይንሳፈፋሉ ብለው ሲጽፉ የገለጹት ይህንኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ስገባ ስልባቦት እላለሁ፤ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ሳይቀር ቀና ይላል።

ተመልሼ ጎጃም ውስጥ ማስተማር ስጀምር ብዙ የእርሾ ዘር ይዤ ነበር። እያንዳንዱ አንዳንድ ጂን የጎደለው ነው፤ የትኛው ጂን ሲጠፋ ሽፋኑ ምን እንደሚሆን የሚታየው በዚያ ነው። በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ በግሊሰሮል ውስጥ ተኝተው ነበር። አንድ ክረምት መብራት ለቀናት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያገኘሁት ሞቅ ያለ ውሃ ነው። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሳህን ላይ ዘራኋቸው፤ አብዛኛው አልበቀለም። የስድስት ዓመት ሥራ ነው። ማንንም አልወቅስም፤ ግን ለሁለት ወር ያህል ቤተ ሙከራው በር ላይ ስደርስ ሆዴ ይባባ ነበር።

ያወጣኝ የእናቴ ጋን ነው። ለበዓል ቤት ሄጄ ድፍድፏን ስታማስል ቆሜ ሳይ፣ ይቺ እርሾ ማቀዝቀዣ ጠይቃ አታውቅም አልሁ። ከጌሾው ቅጠል፣ ከብቅሉ፣ ከሸክላው ጉድጓዶች እየተነሳች ከእናት ለልጅ ስታልፍ ኖራለች። በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ ወሰድሁ። ሳህን ላይ ዘርቼ፣ የተለየች አንዲት ነጥብ መርጬ፣ እንደገና ጀመርሁ።

ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነው ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ሁለት ጠርሙስ። አንዱ አፉ በጥጥ ተደፍኖ ቀኑን ሙሉ የሚናጥ፤ ሌላው ውሃው ፈልቶ አየሩ ወጥቶለት፣ ላዩ ላይ የፓራፊን ዘይት የፈሰሰበት። ከሁለቱ እርሾውን አጥበን፣ በአልኮልና በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቀቅለን፣ ስቴሮሉን በሄክሴን እናወጣለን። ኤርጎስቴሮል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፊት የራሱ ፊርማ አለው፤ በ262፣ በ271፣ በ282 እና በ293 ናኖ ሜትር አካባቢ አራት ጫፍ ያወጣል። ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ብርሃን ምን ያህል እንደተዋጠ የሚለካው መሣሪያ፣ ይበቃዋል። ከሚናጠው ጠርሙስ የወጣው መስመር ስክሪኑ ላይ ሲሳል አራቱ ጫፎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ከተዘጋው የወጣው ግን ሜዳ ለመሆን ትንሽ የቀረው ነበር። አንዷ ተማሪዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔም ያው።

ከዚያ የቀረውን ቅባት በመስታወት ቅንጣቶች ሰብረን፣ በክሎሮፎርምና በሜታኖል አውጥተን፣ በየዓይነቱ እንዲለያይ በሲሊካ ሰሌዳ ላይ አስሮጥነው። ሰሌዳውን የአዮዲን ቅንጣት ካለበት ማሰሮ ውስጥ ሲያስገቡት ቅባቱ ያለበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ከሁሉ ቀድሞ ወደ ላይ የሚሮጠው ስኳሊን ነው። በተዘጋው ጠርሙስ ረድፍ ላይ የስኳሊኑ ነጥብ ጠቁሮ ቁጭ ብሏል። የመጀመሪያዋን ኦክስጅን አጥቶ በር ላይ የተከማቸ ክር። አየር ቢገባ በሰዓታት ውስጥ ወደ ማገርነት ይለወጥ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት በእንጨቷ ስታማስል የምትከፍተው በር ይህ ነው።

ለእኛ አገር ከፍታ ይህ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን የሚይዝ ከሆነ፣ እዚህ ወደ 7 ይወርዳል። ቆላ ያለች ጠማቂ አንድ ጊዜ ብታማስል የሚበቃት ይሆናል፤ ደጋ ያለችው ግን ደጋግማ ማማሰል አለባት። እናቴ ስለ ግፊት ሰምታ አታውቅም፤ እጇ ግን ያውቀዋል።

ነገሩ ከጠላ ያልፋል። የሰፈር ልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ከእርሾ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሽፋኑም በኤርጎስቴሮል የቆመ ነው። ተርቢናፊን የሚባለው መድኃኒት የሚዘጋው ያቺን የመጀመሪያዋን፣ ስኳሊን ኦክስጅን የሚቀበልባትን ደረጃ ነው። ፍሉኮናዞል ትንሽ ወረድ ብሎ ይዘጋል። አምፎተሪሲን ቢ ደግሞ በቀጥታ ኤርጎስቴሮሉን ይይዘዋል። ኤች አይ ቪ ያዳከማቸውን ሰዎች በአንጎል ሽፋን የሚያጠቃው ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ የሚታከመው በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለቱ ጭምር ነው። አምፎተሪሲን ቢ ከእኛ ይልቅ ፈንገሱን የሚጎዳው፣ የእኛ ማገር 27 ካርቦን፣ የሱ 28 ስለሆነና በሁለት ድርብ ማያያዣዎች ስለሚለያዩ ነው፤ የሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ የፈንገሱ ኤንዛይም ከእኛው ትንሽ ስለሚለይ ነው። በዚህች ጠባብ ልዩነት ስንት ሰው እንደተረፈ ሳስብ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ቡናማ ነጥብ በሌላ ዓይን አያታለሁ።

ኮንራድ ብሎክ፣ በዚሁ መንገድ ላይ በሠራው ሥራ በ1964 እ.ኤ.አ. ከፌዮዶር ሊነን ጋር ኖቤል የተሸለመው ሰው፣ በኋለኛው ዕድሜው ይህን የኦክስጅን ጥያቄ ወደ ኋላ ወስዶታል። በምድራችን አየር ውስጥ ኦክስጅን መጠራቀም የጀመረው ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስቴሮል እንዲህ ኦክስጅን የሚፈጅ ከሆነ ሊሠራ የቻለው ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት አለ። እንግዲህ በእናቴ ጋን ውስጥ ያለችው ፍጡር ምድር መተንፈስ የጀመረችበትን ዘመን በቆዳዋ ተሸክማለች።

ባለፈው ኅዳር ቤት ሄጄ ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳወራ ነው ያላሰብሁትን ጥያቄ ያመጣችው። እሳት ዳር ተቀምጣ አሻሮ ትቆላለች። ስለ ቅቤና ስለ ኑግ የነገርኋትን አልረሳችውም።

«የቸገራት ቅባት ከሆነ» አለች «ለምን ኑግ አንሰጣትም?»

ዝም አልሁ። እርሾ አየር ሲኖር ስቴሮልን ከውጪ አትቀበልም፤ አየር ሲጠፋ ግን አውስ 1 እና ፒዲአር 11 የተባሉ በሮቿን ትከፍትና ያገኘችውን ታስገባለች። ኑግ ውስጥ የታጠፈው ፋቲ አሲድ ሞልቷል፤ የዕፅዋት ስቴሮልም በጥቂቱ አለበት። አንድሪያሰንና ስቲየር በጠብታ የሰጧትን እናቴ በእፍኝ ልትሰጣት ነው።

ሦስት ትናንሽ እንስራ አጠብን፣ አጠንን። ድፍድፉን እኩል አካፈልነው። አንዱን እንደ ልማዱ ክፍት ተውነው። ሁለተኛውን ወዲያው መረግነው፤ እናቴ እጇ አልታዘዝ ብሎ ምርጊቱን ሁለት ጊዜ ጀምራ አቋረጠች። ሦስተኛው ውስጥ የተወቀጠ ኑግ አንድ እፍኝ ጨምረን መረግነው። በከሰል ምልክት አደረገችባቸው። በሦስተኛው ቀን ክፍት የቆየውንም መረገችው።

በሰባተኛው ቀን ከፈትናቸው። ወዲያው የተመረገው ያኔ በማኅበሩ ቀን የቀመስሁት ጣፋጭ ነገር ነው፤ በምላሴ አውቄዋለሁ። እንደ ልማዱ የተሠራው የእናቴ ጠላ ነው። የኑጉ በመሃል ነው፤ ጣፋጩ ከሁለተኛው ይልቅ ቀንሷል፣ ሞቅ ያደርጋል፣ አረፋ ግን የለውም፤ ዘይት አረፋን ያጠፋልና። እናቴ በጣሳ ቀምሳ፣ አፏ ውስጥ አቆይታ፣ ወደ ደጅ ወጥታ ተፋችው።

«ኖራለች» አለች ተመልሳ። «ግን ደስ ብሏት አልኖረችም።»

የኑጉን አተላ ለላሟ ልትደፋው ስትል አስቆምኋትና ከቦርሳዬ ቱቦ አወጣሁ። እሷ እንስራውን ዘንበል አድርጋ ያዘችልኝ፣ እኔ ከታች ከዝቃጩ ቀዳሁ።